ማስረጃ ይዘሽ ነይ

አማርኛችን ውስጥ አንዲት አስቸጋሪ ቃል አለች፤ «እንረዳሻለን» የምትባል። «ረ»ን አላልታችሁ ካነበባችኋት እናግዝሻለን ማለት ናት። አጥብቃችሁ ካነበባችኋት ግን ችግርሽ ገብቶናል ብቻ ነው ትርጉሟ። ወረቀት ላይ ሁለቱ አይለዩም። እኔ ለወራት ቢሮ ለቢሮ ስዞር ላልታ የሰማኋት ቀን ትዝ አይለኝም። ሁሉም ይረዳኛል። አጥብቆ።

ክፉ ሰዎች ገጥመዋት ነው እንዳትሉኝ። ክፉ ሰው ቢገጥመኝማ ተጣልቼ፣ የልቤን ተናግሬ፣ ወጥቶልኝ ቤቴ እገባ ነበር። የገጠሙኝ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ወንበር ይስባሉ፤ «አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል» ይላሉ፤ አንዷማ አብራኝ አልቅሳለች። አልቅሳ ስታበቃ ሐሙስ ተመለሽ አለችኝ።

ልጄ ማህደር ትባላለች። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት። ንግግሯ ጥቂት ነው፤ ፊደል ግን ማንም ሳያስቆጥራት ከሱቅ ማስታወቂያ ላይ ለቅማ ጨርሳለች። ከጎፋ ወደ ሀይሌ ጋርመንት በታክሲ ስንሄድ መስኮት ጋ መቀመጥ አለባት፤ መስኮቱ ከተያዘ የሚቀጥለውን ታክሲ እንጠብቃለን፤ እሱም ከተያዘ ሌላ። ይህን ሁሉ ለምደነዋል። የማትችለው ድንገተኛ ድምፅ ነው። የሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ደወል ደግሞ ዛፍ ላይ የተሰቀለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው። በብረት ሲቀጠቀጥ እኔን እንኳ ጥርሴን ይጠዘጥዘኛል። ማህደር የሰማችው ጊዜ ጆሮዋን ይዛ ከክፍል ትሮጣለች፤ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ እጇን ስትነክስ ትገኛለች።

ሁለተኛ ክፍል ስትገባ አስተማሪዋን ቲቸር ሰናይትን ሄጄ አነጋገርኳት። የጠየቅኳት ሦስት ነገር ነው፤ ማህደር በር አጠገብ ትቀመጥ፣ ደወሉ ሊመታ ሲል ቀደም ብሎ ይነገራት፣ አባቷ ከግንባታ ዕቃ መሸጫ የገዛላትን የጆሮ መሸፈኛ ታድርግ። ቲቸር ሰናይት ሰባ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው ልጆች ይዛ፣ ጠመኔ በእጇ፣ «እሞክራለሁ» አለችኝ። ሞከረችም። ደወሉ ሊመታ ሲል ወደ ማህደር ዞር ብላ የራሷን ጆሮ ትነካላታለች፤ ማህደርም መሸፈኛዋን ታደርጋለች። በቃ። እንደዚህ ሆኖ አንድ ወር ተኩል እጇን ሳትነክስ ቆየች። አንድ ቀን ደብተሯ ላይ በቀይ «ጎበዝ» ተጽፎ መጣ፤ እኔም እንደ ሞኝ ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ።

ከዚያ ቲቸር ሰናይት ታማ ሁለት ቀን ቀረች። የተተካው መምህር ስለ ደወሉ የነገረው ሰው አልነበረም፤ መሸፈኛውንም መጫወቻ መስሎት ቀምቷት መሳቢያ ውስጥ ከቶታል። ቸርኬው ሲመታ ማህደር ሮጠች፤ ስትሮጥ ደረጃው ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ገፍታ ጣለች። የልጅቷ የፊት ጥርስ ተሰበረ። እናቷ ምን ብትለኝ ትፈርዱባታላችሁ? እኔም አልፈረድኩም። አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ርዕሰ መምህሩ በማግስቱ አስጠራኝ። ትሑት ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

«እህቴ፣ እኔ እረዳሻለሁ» አለኝ። እንዴት አድርጎ እንዳነበባት ታውቃላችሁ። «ግን ልጅቷ በር ጋ የምትቀመጠው፣ ጆሮዋን የምትሸፍነው በምን መሠረት ነው? ተቆጣጣሪ ቢመጣ ምን እላለሁ? ማስረጃ ይዘሽ ነይ።»

ትክክል ነው አልኩ። መቼም እኔ ራሴ የምሠራው በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ማህተም የሌለው ወረቀት ይዞ የመጣ ስንቱን ባለጉዳይ «አሟልተው ይምጡ» ብዬ መልሻለሁ። ሽማግሌ መልሻለሁ፣ ነፍሰ ጡር መልሻለሁ። ስለዚህ ማስረጃ ሲባል ደሜ ያውቀዋል።

ሆስፒታሉ የአምስት ወር ቀጠሮ ሰጠኝ፤ ማህደር እስከዚያው ክፍሏ ትቆይ ተባለ። ጎረቤቶቼ ፀበል ውሰጃት አሉኝ፤ ወሰድኳት። አምስት ወር አለቀ፤ የዓመት ፈቃዴም አብሮ አለቀ። ደክሟት ዓይኗ የቀላ አንዲት ወጣት ሐኪም ማህደርን ረጅም ሰዓት አይታ፣ አጫውታ፣ ጥሩ ወረቀት ጻፈችልኝ። የመጨረሻው መስመር «በትምህርት ቤት ልዩ ድጋፍ ያስፈልጋታል» ይላል። ክብ ማህተም አለው፤ ቁጥር አለው፤ ቀን አለው። እንዳይጨማደድ ፕላስቲክ ውስጥ ከትቼ፣ ታክሲ ውስጥ ደረቴ ላይ አቅፌ ወሰድኩት።

ርዕሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጥሩ ማስረጃ ነው» አለ። ቀጥሎ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ልዩ ድጋፍ ያስፈልጋታል ይላል።»

«አዎ» አልኩት። «ያ ያልኳችሁ ነዋ። በር አጠገብ መቀመጥ፣ ቀድሞ መንገር፣ የጆሮ መሸፈኛ።»

«እሱን አይልም እኮ። ልዩ ድጋፍ ነው የሚለው። እኛ ጋ ደግሞ ለዚያ የሠለጠነ መምህር የለም። ይህን አንብቤ ልጅቷን ባስቀምጣትና አንድ ነገር ብትሆን ወይም ሌላ ልጅ ብትጎዳ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

«ወረቀቱን ባላመጣውስ ኖሮ?»

መነጽሩን መልሶ አደረገ፤ መስኮቱን አየ።

«እንደ ምንም ብለን እናዘልቃት ነበር» አለኝ።

አልዋሸም። ይህንን ነው እስካሁን መዋጥ ያቃተኝ።

እዚህ ላይ ተነስቼ ጠረጴዛ ደበደብኩ፣ ስለ ልጄ መብት እንደ ጠበቃ ተናገርኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ። ለመንኩት። ወረቀቱን ልቅደደው፣ አላየኸውም በል አልኩት። ፋይል ላይ ገቢ ሆኗል አለኝ። ገቢ የሆነ ወረቀት እንደማይወጣ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እሱም አዘነ፤ በእጁ ጽፎ የልዩ ፍላጎት ክፍል ወዳለበት ሌላ ትምህርት ቤት ሸኘን። እዚያ ያለችው ሴትዮ የማህደርን ስም ረጅም ዝርዝር መጨረሻ ላይ አሰፈረችና ቦታ ሲገኝ እንደውላለን አለች። ስልኬን ሻወር ቤት ሁሉ ይዤ እገባለሁ። አልተደወለም።

ለማህደር ነገርኳት። አርብ ነገርኳት፣ ቅዳሜ ነገርኳት፣ እሑድም «ነገ ትምህርት የለም» አልኳት። ሰኞ ጠዋት ከመኝታ ቤት ስወጣ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አዝላ በሩ ላይ ቆማለች። የሸሚዟን ቁልፎች ራሷ ቆልፋቸዋለች፤ ከላይ እስከ ታች፣ አንዱም ሳይዛነፍ። ሦስት ዓመት ስናስተምራት አንድ ቀን ቆልፋቸው አታውቅም ነበር።

ምን ትሉኛላችሁ? ይዣት ሄድኩ።

ዘበኛው ጋሽ በለጠ በሩን ገርበብ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ እንዳላስገባት ታዝዣለሁ» አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። አጥሩ አጠገብ ቆምን። ልጆቹ ተሰለፉ፣ ባንዲራ ወጣ፣ መዝሙር ተዘመረ። ማህደር የአጥሩን ብረት ይዛ ከውጭ አብራ አንጎራጎረች። ልጆቹ ክፍል ሲገቡ እጄን ሳበችኝ፤ ተመለስን።

ማክሰኞም እንደዚሁ። ረቡዕም። አሁን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው፤ እኔም መሥሪያ ቤት ለማርፈዴ ምክንያቴን በጽሑፍ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ።

ትናንት ልንመለስ ስንል ጋሽ በለጠ ጠሩኝ። ሊያባርሩን መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ነገም ትመጣላችሁ?» አሉኝ።

«እንመጣለን፣ ጋሼ።»

ማህደርን አዩዋት፤ ፀሐዩን አዩት።

«እንግዲያው ነገ በዚያ በኩል ቁሙ» አሉኝ። «እዚያ ጥላ አለ።»

ዛሬ ጥላው ውስጥ ቆምን።