በእህል ሚዛን የተመዘነው ላፕቶፕ

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አዳማ ውስጥ አንድ ላፕቶፕ በእህል ሚዛን ተመዘነ። ከነቻርጀሩ አምስት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። መዛኙ ጎረቤቴ ሐጂ ኑሩ ናቸው፤ የጤፍና የስንዴ ነጋዴ። ምስክሩ እኔ ነኝ።

ሰው አንድ ዕቃ ልግዛ አልግዛ ብሎ ሲጨነቅ የሚፈልገው እውነቱን ነው ብዬ ሳምን ኖሬአለሁ። አሁን አሁን እጠራጠራለሁ። ብዙ ጊዜ የሚፈልገው በልቡ የያዘውን የሚናገርለት ሌላ አፍ ነው። ጋዜጠኛ መሆኔን የሰማ የሰፈራችን ሰው ሁሉ ለዚሁ ጉዳይ አፌን ሲዋስ ከርሟል። እኔ የምጽፈው ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ሞጆ የጭነት መኪና ሰልፍ ነው። የምጠየቀው ግን ስለ ፍሪጅ፣ ስለ ሙሽራ ጠባይና ስለ ኩላሊት መድኃኒት ነው። «አንተ እኮ ታጣራለህ» ይሉኛል። አጣራለሁ። ደከመኝ እንጂ አጣራለሁ።

ሐጂ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ራውዳ ትባላለች። በሥነ ሕንፃ ተመርቃለች። ያልተሠራን ሕንፃ የተሠራ አስመስላ በኮምፒውተር ትሥላለች፤ የጠዋት ፀሐይ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበት ቦታ ሳይቀር ይታያል። አዲስ አበባ ያለ አንድ የንድፍ ቢሮ ሥዕሎቿን አይቶ «ጠንካራ ማሽን ካለሽ ሥራው ያንቺ ነው፤ መጥተሽ አብረሽን ሥሪ» አላት። የተማሪነት ዘመኗ ትንሽ ላፕቶፕ ደግሞ አንድ ፎቅ ሲያሳዩዋት ትደነግጣለች፣ ሁለተኛውን ሲጨምሩባት ጭልም ትላለች። ስለዚህ የልጅቱ እንጀራ በአንድ ዕቃ ላይ ተንጠለጠለ፤ ዕቃው በአባቷ ኪስ ላይ፤ የአባቷ ኪስ ደግሞ በእኔ አፍ ላይ። እኔን ማን ጠይቆኝ ነው ግን እዚህ ሰንሰለት ውስጥ የገባሁት?

ስለ ዕቃው ልንገራችሁ። ክዳኑ ላይ አፉን የከፈተ ዘንዶ አለ። ሲበራ ኪቦርዱ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ እየሆነ ይሯሯጣል፤ የሠርግ አዳራሽ በሉት። የተሠራው ለጌም ነው። ራውዳ ይህን ለእኔ አልደበቀችኝም፤ ለአባቷ ግን «የሥራ ኮምፒውተር» ብላ ነው ያቀረበችው። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ናት ይሏታል። ሐጂ ዘንዶውን አየት አድርገው «ይሄ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ነው?» አሏት።

በእህል ንግድ ናሙና የሚባል ነገር አለ። አስተዋይ ገዢ ጆንያው አፍ ላይ ያለውን እህል አያምንም። ቦይ ያለው ሹል ብረት ሰክቶ ከሆዱ ያወጣና ያንን እፍኝ ቤቱ ወስዶ ያስፈጫል፣ ያስጋግራል፣ ይቀምሳል። በራሱ አፍንጫ ብቻም አይተማመንም፤ ሌላ ሰው ያሸትትለታል። ሐጂም ይህንኑ ሕግ ላፕቶፑ ላይ አወጁ። መሀል ከተማ ሱቅ ያለውን ሻጭ «ናሙና ስጠኝ» አሉት። «ሐጂ፣ ይሄ እኮ አይዘገንም» አለ ሰውዬው። «እንግዲያው ጆንያውን ከነነፍሱ ስጠኝ» አሉት። ሰጣቸው፣ በአማና። የሐጂ ቃል በአዳማ ገበያ ከደረሰኝ ይበልጣል። ናሙናው ባጃጅ ተሳፍሮ እኔ ቤት ወረደ። ለካ አሸታቹ እኔ ኖሬአለሁ።

ሚዛናዊነት ልማድ ሆኖብኛልና ከጥቅሙ ልጀምር። ፍጥነቱ እውነት ነው። ራውዳ መጥታ አንድ ሙሉ ሆቴል ከነመዋኛ ገንዳው ስታስገባበት ቅንድቡን እንኳ አላነሳም። የእኔ ኮምፒውተር አንድ አጭር ዜና ለመክፈት ከዚያ በላይ ያስባል። ስክሪኑ ሰፊ ነው፤ ቀለሙ ዐይን ያሳርፋል። እዚህ ላይ ብጨርስ ሁላችንም ደስ ብሎን እንለያይ ነበር።

ግን ማጣራት ነው ሥራዬ። ማሽኑ ትንሽ ጠበቅ ያለ ሥራ ሲሰጡት ውስጡ ያለው ማራገቢያ ይነሳል፤ ባለቤቴ ከማድ ቤት ሆና «ወፍጮ ቤት ከፈትክ እንዴ?» አለችኝ። ስሙ ጭን ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ማለት ነው ቢሉኝ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ሱሪ ለመተኮስ ካልሆነ አልመክርም። በአዳማ ግንቦት ተጨማሪ ምድጃ የሚያምረው ማን ነው? ነፋሱ የሚያመጣውን አቧራ ደግሞ በሆዱ ይስባል፤ ቤቴ በዚያ ሰሞን ከመቼውም ይልቅ ጸድቷል። መብራት ሲሄድ፣ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ፣ ሥራ ላይ ከሆነ ባትሪው አንድ ሰዓት አይሞላም። ቻርጀሩስ? ጡብ ነው። ግንበኛ ቢያገኘው ግድግዳ ውስጥ ያስገባዋል።

ይህን ሁሉ ይዤ ማክሰኞ ዕለት የሐጂ መጋዘን ሄድኩ። ከአርሲ ነገሌ ስንዴ የጫነ መኪና ይራገፋል። ሐጂ ተወልደው ያደጉት ነገሌ ነው፤ በየሳምንቱ ወርደው ገበያውን በዐይናቸው ካላዩ ምግብ አይበላላቸውም ይባላል። ሹፌሩን በኦሮምኛ «አካም ጂርታ» ብለው ወሬ ጀምረው ነበር፤ እኔን ሲያዩ ተዉት። ራውዳ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትነክሳለች። ሐጂ ላፕቶፑን ተቀበሉኝና ከነጡቡ ሚዛኑ ላይ አወጡት። እህል ሳይመዘን ስለ እህል አይወራም።

«እሺ ጋዜጠኛው» አሉ ቁጥሩን አንብበው። «ይረባል?»

«ፈጣን ነው፤ አልዋሽዎትም» አልኳቸው። «ግን ላፕቶፕነቱ ስሙ ብቻ ነው። ይህ ከቤት የሚወጣ ዕቃ አይደለም። ይከብዳል፣ ይግላል፣ ያለ ሶኬት አይኖርም። ካልወጣ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ባለ ሣጥኑን ኮምፒውተር ይግዙላት። ዋጋው ይቀንሳል፣ ሲበላሽም ይጠገናል።»

ራውዳ ወደ መሬት አቀረቀረች። የልጅቱን ሥራ በገዛ አፌ የገደልኩ መሰለኝ። እውነት ከመናገር በኋላ የሚመጣው ድካም ሌላ ነው፤ ሐሰት የሚናገሩ ሰዎች እንቅልፍ የሚያምርባቸው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሐጂ ግን «ያቺን መሀል ላይ ያልካትን ድገማት» አሉኝ።

«የቷን?»

«ከቤት አይወጣም ያልካትን።»

ደገምኩላቸው።

«ተሸክማው ባቡር ጣቢያ አትደርስም?»

«ሐጂ፣ ባጃጅ ውስጥ እንኳ የራሱን ወንበር ነው የያዘው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ስልካቸውን አውጥተው ለሻጩ ደወሉ። ገዙት። ራውዳ ከጆንያው ላይ ዘላ ጉልበታቸውን ሳመች።

በሥራ ዘመኔ ጽሑፌ ተቆርጧል፣ ተጣምሟል፣ እስከ መጨረሻው ተነብቦ ለተቃራኒው ሲውል ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። ሐጂ እስከ በሩ ሸኙኝና ክንዴን ይዘው በሹክሹክታ አስረዱኝ። አዲስ አበባ አትሂጂ ቢሏት ታኮርፋለች። ሂጂ ቢሏት እሳቸው መለየቱን አይችሉትም። «የጠየቀችኝን ገዛሁላት። ባለ ሣጥኑን ብገዛላትማ ‹አባዬ አስሮ ሊያስቀምጠኝ ነው› ትለኝ ነበር። ይሄን ግን ራሷ ናት የመረጠችው።»

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። ዶሮዋ ራውዳ መሰለችኝ፤ ቅር እያለኝ ቤቴ ገባሁ።

ነሐሴ ላይ ራውዳ «ለአንድ ሳምንት ሥራ ልለማመድ» ብላ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ሄደች። የያዘችው ያቺን ትንሿን፣ ፎቅ የምትፈራውን ላፕቶፕ ብቻ ነው። ሐጂ አልተከራከሩም። «ማሽኗ እዚህ ነው፤ የት ልትቀር?» አሉኝ።

ያ ሳምንት እስካሁን አላለቀም።

በቀደም ሰላም ልላቸው ገባሁ። ሳሎኑ ውስጥ ዘንዶው ብቻውን ያገሣል። ማንም ሳይነካው ስክሪኑ ላይ ፎቅ በፎቅ ላይ ይወጣል። ለካ ራውዳ አዲስ አበባ ተቀምጣ፣ ትንሿን ይዛ፣ ትልቁን በኢንተርኔት ታዝዘዋለች፤ እዚያ ጣቷ፣ እዚህ ጉልበቱ። የቤቱ አንድ ቬንትሌተር ፊቱን ወደ ማሽኑ አዙሯል። ሐጂ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ላባቸውን በፎጣ ይጠርጋሉ፤ በሌላው እጃቸው የአቧራ ብሩሽ ይዘዋል።

ወሬ ሳንጀምር መብራት ሄደ። ቆይቶ ባትሪው አለቀና ዘንዶው ዝም አለ። ወዲያው ስልካቸው ጮኸ።

«አባዬ፣ ጠፋብኝ እኮ። መብራቱ ሲመጣ ቁልፏን ተጫንልኝ። እንዳትወጣ እሺ?»

«የት እወጣለሁ ልጄ» አሉ ሐጂ።

ስለ ነገሌ ገበያ ጠየቅኳቸው። ወንድማቸው ናሙናውን በመኪና ይልክላቸዋል አሉ፤ እዚሁ ሳሎን ተቀምጠው ያሸትቱታል።

ማጣራቴ ልክ ነበር፤ ያ ዕቃ ከቤት አያስወጣም። ሐጂ ኑሩ አርሲ ነገሌን ካዩ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው።