ጉማሬዋ የተቀመጠችበት ወንበር

የሥነ ልቦና መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ሁሉ «ለጓደኛዬ ነው» ይላል አሉ። እኔም ብያለሁ። ምን ላድርግ፣ ሕልሜ አስቸገረኛ። አንዲት ጉማሬ ከጣና ትወጣና ዓባይ ማዶ ካለው ቤቴ ድረስ በእግሯ መጥታ፣ ሳሎኔ ገብታ ወንበሬ ላይ ቁጭ ትላለች። ሦስት ጊዜ አየኋት። ለንስሐ አባቴ መንገር ነበረብኝ፤ የተማርሁ ነኝ ብዬ መጽሐፍ ፍለጋ ሄድሁ።

ከሐይቁ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ዘርግቶ የሚሸጥ ጎልማሳ አለ። ስለ ሕልምና ስለ ድብቁ አእምሮ የሚያስረዳ፣ ለጀማሪ የሚሆን እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። ሁለት አቀረበልኝ። አንዱ እንደ ጡብ የወፈረ፣ ሌላው ሥዕል ያለበት ስስ። ለጀማሪ ስሱ ይበቃል ብሎ መከረኝ። ታዲያ እኔ ስስ መጽሐፍ ይዤ በሰው ፊት ልታይ? ወፍራሙን ገዛሁና ሐይቁ ዳር ካለ ቡና ቤት፣ ሽፋኑን ወደ ሰው አዙሬ ተቀመጥሁ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጉማሬዋም መጣች። በማግስቱ ተመልሼ፣ ጓደኛዬ ወፍራሙን አልወደደውም ብዬ ስሱን ገዛሁ።

ስሱ ደግ መጽሐፍ ነው። በሕልም የሚመጣብህ ፍጥረት ብዙ ጊዜ አንተው ራስህ ነህ፣ ከራስህ የደበቅኸው ጠባይህ ነው ይላል። እንዴት ደስ እንዳለኝ። እኔ ውስጥ ይህን የሚያህል ነገር መኖሩን ማን ያውቅ ነበር?

ቁርስ ላይ ለባለቤቴና ለእናቷ ሕልሜን ከነትርጉሙ ላስረዳ ተነሣሁ። አማቴ እማማ የሺ ለዓይናቸው ሕክምና ሁለት ሳምንት ብለው ከመራዊ መጥተው፣ ይኸው ሦስተኛ ወራቸው ነው። ሕልም ሲነገራቸው «ለበጎ ያድርገው» ሳይሉ አያልፉም። ያን ቀን ግን አላሉም። ጉማሬዋ የት እንደተቀመጠች ጠየቁኝ። ወንበሬ ላይ አልሁ። ባለቤቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ያኔ ነው እማማ የተቀመጡበትን ያየሁት። ከመጡ ጀምሮ የሚቀመጡት እዚያው ወንበሬ ላይ ነው።

ሁለት መጽሐፍ ገዝቼ ያላየሁትን እነሱ አንድ ጉርሻ እስኪዋጥ አዩት። አፈርሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው የመራዊ መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቁ። ባለቤቴ አፏን ሳትከፍት፣ እናቴ ከሄደች አንተም አብረህ ትሳፈራለህ አለችኝ በዓይኗ። ስሱን መጽሐፍ ገለጥሁና በሥዕሉ ላይ ጣቴን አድርጌ፣ ጉማሬዋ እኔ ነኝ፣ ይኸው ተጽፏል፣ ሌላ ሰው የለበትም እያልሁ ማልሁ ተገዘትሁ።

እማማ አጎንብሰው ሥዕሉን አዩት። «አንተ ከሆንህማ፣ ልጄ፣ የሰው ወንበር ላይ ምን ትሠራለህ? ለበጎ ያድርገው» አሉና ተደላድለው ተቀመጡ።

ከትናንት ወዲያ መጽሐፍ ሻጩ መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ ስሱ መጽሐፍ ጓደኛዬን ረድቶት እንደሆነ ጠየቀኝ። በጣም ረድቶታል አልሁት፤ ሕልሙም ቀረለት፣ አሁን በርጩማ ላይ ነው የሚቀመጠው።