ለጣሂራ ያልተጻፈው የድጋፍ ደብዳቤ

ትምህርትን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት በዚህ ዘመን ማግኘት ቀላል አይደለም። ጭሮ ከተማ ውስጥ ግን አንድ አለ። ስሙን መጥራት የቀሩትን መሥሪያ ቤቶች ማስቀየም ስለሚሆን ይቅር፤ ሥራው ከጉድጓድ ውሃ እየሳበ ለሕዝብ ማዳረስ መሆኑን መናገሩ ይበቃል። በግቢው በር ላይ «የተማረ የሰው ኃይል የዕድገታችን መሠረት ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። በየሩብ ዓመቱም ስለ ትምህርት ጥቅም ንግግር ይደረጋል። ጥበቃው እጅግ ጥብቅ ከመሆኑ የተነሣ ባለፉት አሥራ አንድ ዓመታት አንድም ሠራተኛ ትምህርት አጠገብ ደርሶ አያውቅም።

አሥራ አንድ ዓመት የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጣሂራ ከተቀጠረች ወዲህ ያለው ዘመን ነው። ጣሂራ ከቴክኒክ ኮሌጅ በደረጃ አራት ዲፕሎማ የተመረቀች፣ የብቃት ምዘናውንም በመጀመሪያ ሙከራዋ ያለፈች የፓምፕ ጥገና ባለሙያ ናት። ከሚኤሶ እስከ ገለምሶ ውሃ የሚገፋ ሞተር ሲቆም ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለእሷ ነው፤ ሁለተኛ የሚደወልለት ሰው የለም። ጆሮዋን ቧንቧው ላይ ለጠፍ አድርጋ «ኩሽኔታው ነው» ካለች ኩሽኔታው ነው።

ይሁን እንጂ መሥሪያ ቤቱ ሥርዓት ያለው ቦታ ነው። በመመሪያው መሠረት በጥገና ሪፖርት ላይ መፈረም የሚችለው ዲግሪ ያለው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ጣሂራ ጉድጓድ አፍ ላይ ፀሐይ ሲጠብሳት ውላ ሞተሩን ታስነሣለች፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለት ዓመት የሆነው ኢንጅነር ሚካል ደግሞ «ተጠግኗል» ብሎ ይፈርማል። ሚካል ክፉ ልጅ አይደለም። እንዲያውም ጨዋ ነው፤ ሳይደውልላት ፈርሞ አያውቅም።

«እትዬ ጣሂራ፣ የቦርደዴው ፓምፕ ምኑ ነበር የተቃጠለው? ሪፖርት ልጽፍ ነው።»

«የሞተሩ ጥቅልል ሽቦ በል።»

«ምክንያቱስ ምን ልበል?»

«ፓምፑ ለዚያ ጉድጓድ ጥልቀት አይሆንም። አቅሙ አይችልም። ገና ደጋግሞ ይቃጠላል፤ ጽፌ ነበር እኮ።»

«እሱን እንኳን ልተወው። ይሄ ጥናት ነው እንጂ የጥገና ሪፖርት አይደለም ይሉኛል።»

በእርግጥም ጽፋ ነበር። ሦስት ገጽ ጽፋ፣ ሥዕሉን በማስመሪያ ሠርታ፣ የቦርደዴ ፓምፕ በሌላ እንዲቀየር አመልክታ ነበር። ጽሑፏ ከሰባት ወር በኋላ «በባለሙያ ያልተዘጋጀ በመሆኑ ተመላሽ ተደርጓል» የሚል አንድ መስመር ተጽፎበት ተመለሰ። የቦርደዴ ሰው ጀሪካኑን ደርድሮ መጠበቁን ቀጠለ። ጣሂራን ያቃጠላት ይህች አንዲት መስመር ናት። የምህንድስና ዲግሪ ይዤ፣ በጽሑፌ ግርጌ በገዛ ስሜ ፈርሜ አያታለሁ አለች።

ዕድሉም መጣ። አንድ ዩኒቨርሲቲ የቴክኒክ ኮሌጅ ዲፕሎማ ላላቸው ሠራተኞች ከዓርብ እስከ እሁድ የሚሰጥ የምህንድስና ዲግሪ ከፈተ፤ ለየመሥሪያ ቤቱም አንድ አንድ የመማሪያ ወንበር ሰጠ። የተጠየቀው ሦስት ነገር ነው፤ ዲፕሎማ፣ የአምስት ዓመት አገልግሎት፣ እንዲሁም ሠራተኛው ዓርብ ዓርብ እንደሚለቀቅ የሚገልጽ የመሥሪያ ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ። ሁለቱ በእጇ ነበሩ። ሦስተኛው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ምዝገባው በመጪው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊው አቶ ተሻለ ቢሮ ገባች። አቶ ተሻለ ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ፣ መመሪያን በቃላቸው የሚወጡ ሰው ናቸው።

«ብጽፍልሽ ደስታዬ ነበር» አሉ። «ግን አንቺ ዓርብ ተለቀሽ ፓምፕ ቢቆም ማን ይጠግነዋል?»

«ኢንጅነር ሚካል አለ አይደል? በሪፖርቱ እስካሁን ሁሉንም የጠገነው እሱ ነው።»

አቶ ተሻለ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። «ቀልዱን ተዪው ጣሂራ። ጉዳዩ በኮሚቴ የሚታይ ነው።»

ኮሚቴው ሦስት አባላት አሉት፤ ራሳቸው አቶ ተሻለ፣ የሰው ሀብቷ ወይዘሮ ሣህሊቱና የዕቅዱ አቶ ጅብሪል። ይህ ኮሚቴ ሁለት ባሕርይ ያለው መሆኑን አገር ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት ሕግ ነው። አቶ ጅብሪል ራሱን ያመዋል፣ ወይዘሮ ሣህሊቱ ፋይል ታጣለች፣ አቶ ተሻለ አንቀጽ ይጠቅሳሉ፤ ሦስቱ ተሟልተው የተገኙበት ጠዋትም የለም። ከሰዓት በኋላ ግን የገለምሶ ጫት በሚኒባስ ይደርስና በአቶ ጅብሪል ቤት መቃሙ፣ በርጫው፣ ይጀመራል። ወይዘሮ ሣህሊቱ ባትቅምም ሻይና ለውዙን ስለምትወድ ቃለ ጉባኤ መያዣ ደብተሯን ይዛ ትገኛለች። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ የጫቱ ሞቅታ፣ ምርቃናው፣ ሲመጣ ኮሚቴው ርኅሩኅ ይሆናል። እስካሁን ለከተማዋ ሁለት የአውሮፕላን ማረፊያ ፈቅዷል። አንድ ቀንም ሚኤሶ ላይ የመርከብ ወደብ እንዲከፈት በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል። ጠዋት ሲነጋ ሁሉም ይረሳል፤ ማንም አይጎዳም።

ማክሰኞ ከሰዓት የአቶ ጅብሪል ቤት የውሃ ዲናሞ ቆመና ባለቤቱ ኩብራ ለጣሂራ ደወለችላት። ጣሂራ መጥታ ዲናሞውን አስነሣች። ኩብራም እጇን ይዛ ወደ በርጫው ክፍል ገፋ አደረገቻት።

«ደብዳቤውን አሁን ጠይቂያቸው። ሰዓቱ አሁን ነው። ጠዋት ባሌ እንኳን አንቺን እኔንም አያውቀኝ።»

ጣሂራ በሩ ላይ ቆማ ነገሯን አስረዳች። «አንድ ገጽ ደብዳቤ ናት» አለች።

«አቦ ጣሂራ!» አለ አቶ ጅብሪል፣ ከትራሱ ቀና ብሎ። «አንቺን የመሰለች ባለሙያ በዲግሪ ትቅር? ወላሂ ግፍ ነው! ማስተርስ ነው እንጂ!»

«ማስተርስ ምን አላት?» አሉ አቶ ተሻለ። «ዶክትሬት! እሱም እዚህ አይደለም። ጃፓን!»

«ማሻአላህ! ጃፓን ጥሩ ነው። ሞተር እንደሆነ የነሱ ነው።»

«እኔ እንኳን የፈለግኩት ዓርብ ዓርብ...»

«ለምን ዓርብ? ስድስት ዓመት ሙሉ!» አቶ ተሻለ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ስትመለሺ ግን እንዳትረሺን።»

ወይዘሮ ሣህሊቱ የተባለውን ሁሉ አንድ ቃል ሳታጎድል ጻፈች። ሦስቱም ፈረሙ። በዚያ ቀን ደግሞ ማኅተሙ ከአቶ ተሻለ ኪስ ውስጥ ተገኘና ተመታበት። ጣሂራ ደስ እያላትም እየፈራችም ወጣች። ጃፓኑን አላመነችውም፤ በጃፓኑ መካከል አንድ ገጿ ደብዳቤ አትጠፋም ብላ ተስፋ አደረገች እንጂ።

ረቡዕ ጠዋት ጣሂራ ቢሮ ስትገባ አቶ ተሻለ ቃለ ጉባኤውን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው ግንባራቸውን ይዘው ነበር። ወይዘሮ ሣህሊቱ አጠገባቸው ቆማለች።

«ይሄ የማን ፊርማ ነው?»

«የእርስዎ» አለች ጣሂራ።

«ማኅተሙስ?»

«እሱም የእርስዎ። ጌታዬ፣ ጃፓኑ ይቅርብኝ። የዓርቧን ደብዳቤ ብቻ ይጻፉልኝ።»

«አይቻልም» አለች ወይዘሮ ሣህሊቱ። «ለአንድ ሠራተኛ በአንድ ጉዳይ ሁለት ውሳኔ አይሰጥም። ስለ ትምህርትሽ አንዴ ተወስኗል።»

«እና ጃፓን ልትልኩኝ ነው?»

«በምን በጀት?»

«ታዲያ ውሳኔው ይሰረዝልኛ!»

«የሚሰርዘው ኮሚቴው ነው።»

«ኮሚቴው መቼ ይገኛል?»

ወይዘሮ ሣህሊቱ አቶ ተሻለን አየች። አቶ ተሻለ ጣሪያውን አዩ። «ከሰዓት» አሉ።

ሐሙስ ከሰዓት ጣሂራ ወደ በርጫው ተመልሳ ጃፓንን እንዲሰርዙላት ለመነች። ኮሚቴው በጣም አዘነ። «ከአፋችን የወጣውን መልሰን እንብላ?» አለ አቶ ጅብሪል፣ ደረቱን እየመታ። «ጃፓንን ካንቺ እንንጠቅ? ሰው አይደለንም እንዴ?» አቶ ተሻለም የእሷ ትሕትና ልባቸውን እንደነካው ተናገሩ። የስረዛው ጥያቄ በሙሉ ድምፅ ውድቅ ተደረገ፤ የጃፓን ብርድ ከባድ ነው ስለተባለም ካፖርት ተጨመረላት።

ዓርብ ጠዋት ግን በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ያልታየ ነገር ሆነ፤ ኮሚቴው ተሟልቶ ተሰበሰበ። ለመሥሪያ ቤቱ የተሰጠው ወንበር ያለ ሰው ሊቀር ነው፤ የመንግሥትን ዕድል ማባከን ደግሞ ያስጠይቃል። ስለዚህ ግልጽ መስፈርት ወጣ። ተመራጩ የቴክኒክ ኮሌጅ ዲፕሎማ ያለው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ባይኖር ደግሞ ሥራ የማይበደልበት ሰው መሆን አለበት። የሠራተኞች ዝርዝር ተነበበ። ጣሂራ ብትሄድ ፓምፕ ይቆማል። የቧንቧ ሠራተኛው ሳቢር ቢሄድ መስመር ይፈነዳል። ሶፊ ብትሄድ ቆጣሪ የሚያነብ ይጠፋል። ጥበቃው እንኳን ቢሄድ በር የሚከፍት አይኖርም።

በዚህ ጊዜ አቶ ተሻለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከመሳቢያቸው ሥር አንድ ያረጀ ወረቀት አወጡ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በእንጨት ሥራ የተሰጣቸው የቴክኒክ ኮሌጅ ዲፕሎማ ነው።

«እንጨትም ሞተርም የሚሠራው በእጅ ነው» አለ አቶ ጅብሪል። የመጀመሪያው መስፈርት ተሟላ።

ሁለተኛው በጥንቃቄ ተመረመረ። አቶ ተሻለ ባለፈው ወር አሥራ አንድ ቀን ለስልጠና አዳማ ነበሩ፤ ከዚያ አንድ ሳምንት ታመዋል። በነዚህ ቀናት ውሃው መጥቷል፣ የፈነዳው መስመር ተበይዷል፣ ማንም የት ሄዱ ብሎ አልጠየቀም። ውጤታቸው ሙሉ ነበር። ሌሎቹ ሠራተኞች ግማሹንም አላገኙም።

ደብዳቤው በአሥር ደቂቃ ተጻፈ። እንዲህ ይላል፦ «ኃላፊው አቶ ተሻለ ከዓርብ እስከ እሁድ፣ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝም በቀሩት ቀናት፣ በመሥሪያ ቤቱ ባይገኙ ሥራው በምንም ዓይነት የማይስተጓጎል መሆኑን ኮሚቴው አጣርቶ አረጋግጧል።» ከሥሩ አቶ ተሻለ ፈረሙበት፤ ደብዳቤውን የሚፈርመው ኃላፊው ነውና። ወይዘሮ ሣህሊቱም እንደ ደንቡ ለበላይ መሥሪያ ቤት ግልባጭ አደረገች።

ጣሂራ ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት።

«እኔ ያልተመረጥኩት ለምንድን ነው?»

«አንቺ ከሄድሽማ ውሃው ይቆማል።»

«እሳቸው ከሄዱስ?»

ወይዘሮ ሣህሊቱ ሐቀኛ ሴት ናት፤ ጥቂት አሰበች። «ምንም አይሆንም» አለች። አነጋገሯ የአድናቆት ነበር።

ጣሂራ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብታ ቧንቧዎቹ መካከል ቆማ አለቀሰች። ከልቧ ነው ያለቀሰችው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥራ አንድ ሲል ፊቷን ታጠበች፤ ውሃ እንደሆነ ሞልቷል።

ግልባጩ የበላይ መሥሪያ ቤት ደረሰ። እዚያ ደግሞ ደብዳቤ የሚያነብ ሰው አለ። መልስ መምጣቱ ሲሰማ ግቢው ተሸበረ፤ ባይኖርም ምንም የማይጎድል ኃላፊ ደመወዝ የሚከፈለው ለምንድን ነው ይባል ይሆናል ተብሎ ተፈራ። አቶ ተሻለ ሁለት ቀን ምሳ አልበሉም። ጣሂራም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በልቧ ኢንሻአላህ ትል ነበር። ፖስታው ሲከፈት ግን እንዲህ የሚል ነበር፦ «እርስዎ በሌሉበትም ሥራው የማይስተጓጎልበት አሠራር በመዘርጋትዎ፣ ይህን ልምድ በሰፊው እንዲያዳርሱ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት በከፍተኛ ኃላፊነት ተዛውረዋል።»

ለአዲሱ ኃላፊነት ዲግሪ አልተጠየቀም። ስለዚህ አቶ ተሻለ ሁለት ክፍል ብቻ ከተማሩ በኋላ ምህንድስናውን ተዉት። የሽኝቱ ዕለት ለስላሳ ተከፈተ፣ ጋቢ ለበሱ፣ ስለ ትምህርት ጥቅም ለሃምሳ ደቂቃ ተናገሩ። ኢንጅነር ሚካል በእሳቸው ምትክ ተወካይ ኃላፊ ሆኖ ተሰይሞ ከፊት ተቀምጧል። ንግግሩ ሲያበቃ ጣሂራ ጠጋ አለች።

«ጌታዬ፣ የዩኒቨርሲቲው ወንበር ባዶውን ነው አሉ። እኔ ብገባበትስ?»

«ምዝገባው ያኔ ዓርብ ተዘጋ እኮ የኔ ልጅ።» አቶ ተሻለ ቀስ ብለው ተነሡና እንደ አባት እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አኖሩ። «አንቺ ጎበዝ ነሽ። ችግርሽ ምን እንደሆነ ልንገርሽ?»

«ይንገሩኝ።»

«በጣም ታስፈልጊያለሽ። እንዲህ ሆነሽ የት ትደርሻለሽ? እኔን ተመልከቺ።»

ይህን ብለው በመሥሪያ ቤቱ መኪና ወደ አዲሱ ቢሯቸው ሄዱ። ጣሂራ ከሚኤሶ ተደውሎላት ስለነበር የመፍቻ ሳጥኗን አንሥታ ሚኒባስ ልትይዝ ወደ መናኸሪያው ወረደች።