በእትዬ ዘይነባ መቃን ላይ የተንጠለጠለችው

«የእሳት እራት» የሚለውን ስም አስባችሁበት ታውቃላችሁ? ፍጥረቷን የሰየምናት በኑሮዋ ሳይሆን በአሟሟቷ ነው። ከመብራት ሥር በድኗን ጠርገን እንጥላለን እንጂ «ከየት መጣሽ? እንዴት ኖርሽ?» ብሎ የሚጠይቃት የለም። እኔም አልጠየቅኳትም ነበር።

እትዬ ዘይነባ እዚህ መካነ ሰላም ጎረቤቴ ናቸው። ልጃቸው ጦይባ ጅዳ ስትለፋ ኖራ ባሠራችላቸው አዲስ ቤት መቃን ላይ፣ አንድ ጠዋት ጣት የምታህል የጭራሮ ጥቅል ተንጠልጥላ አገኙ። ጭራሮው እኩል እኩል ተቆርጦ በሐር ክር ተጠፍሯል። የሰው እጅ ሥራ ይመስላል።

«መተት ነው» አሉ። መተተኛዋም ወዲያው ተገኘች፤ ልጆቻቸውን አብረዋቸው ያሳደጉት የአጥር ጎረቤታቸው እትዬ አልጋነሽ። ሁለቱ ሴቶች ሰላምታ አቆሙ። እኔም ስለሸበትኩ ይመስለኛል፣ ለሽምግልና ተጠራሁ።

በረንዳው ላይ ፊት ተዟዙረው ተቀመጡ። እትዬ አልጋነሽ፣ «በልጆቼ እምላለሁ፣ እኔ አላን...» ሲሉ ጥቅሏ ተንቀሳቀሰች። ከጥቅሏ ጫፍ የአባጨጓሬ ትንሽ ጥቁር ራስ ብቅ አለ፤ እግሮች ተከተሉ። ከዚያ ቤቷን እየጎተተች መቃኑን ትወጣ ጀመር።

«ሱብሃነላህ» አሉ እትዬ ዘይነባ። እትዬ አልጋነሽም፣ ማተባቸውን እንደያዙ፣ «ሱብሃነላህ» አሉ። ወሎ ነው እንግዲህ።

ያነበብኩትን ነገርኳቸው። አባጨጓሬዋ የእሳት እራት ልጅ ናት። ጭራሮ እየቆረጠች፣ ከአፏ በሚወጣ ሐር እየሰፋች ቤት ትሠራለች፤ ስታድግ ቤቱንም ታሳድገዋለች። ወንዱ ክንፍ ያወጣል፤ ግን የሚበላበት አፍ የለውም፣ ዕድሜው ጥቂት ቀን ነው። ሴቷ ክንፍ አታበቅልም። ወንዱ በጠረኗ ተመርቶ እስኪመጣ ቤቷ ውስጥ ትጠብቃለች፤ እዚያው እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች። የዚህችን የእኛን አገር ዝርያ ስም ግን አላውቅም። ስም ያወጣላት መኖሩንም እጠራጠራለሁ።

በቅርቡ ከጅዳ የተመለሰችው ጦይባ በሩን ተደግፋ ስትሰማ ቆይታ፣ «እሷስ የሠራችውን ቤት ኖረችበት ማለት ነው» አለች። እትዬ አልጋነሽ ተነሥተው አጠገቧ ቆሙ።

ጥቅሏ ከመቃኑ ጫፍ ላይ ራሷን በሐር አሥራ ዝም አለች። ከሳምንታት በኋላ አንድ ከሰዓት ሁለቱ ሴቶች በጥድፊያ አስጠሩኝ። ከጥቅሏ ግርጌ አመድማ፣ ከጥፍር የማይበልጥ ወንድ የእሳት እራት ተንጠልጥሎ ክንፉን ያርገበግባል። ከየትኛው ሸለቆ፣ ስንት ነፋስ አቋርጦ እንደመጣ አላህ ይወቀው።

እትዬ ዘይነባ ቀስ ብለው፣ «እንዲህ ሽማግሌ ሳይልክ?» አሉ።

«ዝም በይ ዘይነባ» አሉ እትዬ አልጋነሽ፣ «ታስደነግጪዋለሽ።»