የአቶ ይግዛው በርጩማ

በየከተማው፣ ሰው ተሰልፎ ካላየ እህል የማይዋጥለት አንድ ሰው አይጠፋም። ለቢቸና የደረሷት ክቡር አቶ ይግዛው ነበሩ፤ የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላከው መምህር አካለ ወልድ እንዲህ ያለ ፍጡር በምድር ላይ መኖሩን አያውቅም ነበር።

ወፍጮ ቤት ሲሄዱ ከሩቅ የመጣችውን አህያ ያስቀድማሉ። ከሞጣ ሲመለሱ አውቶብሱን አስቁመው ተሳፋሪውን በዕድሜ ቅደም ተከተል አስቀመጡት። ከሁሉም ወጣት ሾፌሩ ሆኖ ስለተገኘ፣ ቆሞ ይንዳ አይንዳ የሚለው ክርክር ቢቸና ድረስ ዘለቀ።

መስከረም ሲጠባ ግን ሳቅ የለም። የአንደኛ ክፍል አግዳሚ ወንበር ጥቂት፣ ልጁ ብዙ። ደንቡን ገበያ መሐል ቆመው ያወጁት እሳቸው ናቸው፦ እጁን በአናቱ አሻግሮ ጆሮውን የነካ ለትምህርት ደርሷል፤ ከደረሱት መካከል ተማሪ ከሌለበት ቤት የመጣ ይቀድማል። እናቶች ሰሞኑን የልጆቻቸውን ክንድ በቅቤ እያሹ ሲስቡ ሰነበቱ።

በምዝገባው ቀን የመጨረሻዋ ቦታ ስትቀር ሁለት ሴት ልጆች ፊታቸው ቆሙ፤ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ አምሳለችና የገዛ ልጃቸው ይርገዱ። ሁለቱም ጆሯቸውን ነኩ።

«ከቤታችሁ የሚማር አለ?» ሲሉ ይርገዱን ጠየቋት።

«አባዬ፣ ወንድሜን ረሳኸው እንዴ?»

«አለ ወይስ የለም?»

«አለ።»

«ከአምሳለች ቤት ግን የለም፤ አምሳለች ትግባ!»

ሚስታቸው ፈንታነሽ ወገቧን ይዛ መጣች። «አንተ ሰው፣ ልጅህ እኮ ናት! ክረምቱን ሙሉ እጇን አናቷ ላይ አድርጋ ነው የተኛችው!»

«ደንብ ደንብ ነው፣ ፈንታነሽ።»

አካለ ወልድ አላስቻለውም። «ጋሼ፣ ልጆቹ ጠጋ ጠጋ ይበሉ እንጂ!»

«ከጫፍ ያለው ሲወድቅ አንተ ታነሣዋለህ? ያለቀው እኮ መቀመጫ ነው፣ ልጄ...» ጎንበስ ብለው የተቀመጡበትን በርጩማ አዩት።

በማግስቱ፣ ዲሬክተሩ ክፍሉ እስኪሞላ ፈቅደው፣ አዲስ ደንብ ታወጀ፦ ቦታ ያጣ ልጅ በርጩማ ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ከጎረቤት ይዋስ። ሰኞ ጠዋት ከተማው በሙሉ በርጩማ ተሸክሞ ወጣ። ይርገዱ የአባቷን በርጩማ ታቅፋ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች፤ ተማሪ ካለበት ቤት ናታ! አካለ ወልድ ክፍሉ እንዳይሞላባት እየተሳቀቀ ጠበቃት። በጎኗ ሾልካ ገባች፤ በሩ ከኋላዋ አልዘጋ አለ።

አቶ ይግዛው ያን ሰሞን የሌሎቹን ክፍሎች ተማሪዎች ቆመው መዘገቡ። አካለ ወልድ አላስችል ብሎት ከወንዝ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ።»

ድንጋዩን አዩት፤ እግራቸውን አሹ። «ከእኔ የሚቀድም የለም?»

አካለ ወልድ ግቢውን ዞሮ አየ፤ አጥሩንም አሻግሮ አየ። ከዚያም ኮስተር ብሎ፣ «የለም፤ ተራዎ ነው» አላቸው።