ዓይን የሚያበራበት አገር

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ በበሽተኛዬ አልጋ አጠገብ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳልኩ ሸለብ አደረገኝና ሕልም አየሁ።

እኔ ሰው ቤት እየሄድኩ ሕሙማን የማስታምም ነርስ ነኝ። አሁን የያዝኳቸው ጋሽ አየነው ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው ሳንባቸው የደከመባቸው ሽማግሌ ናቸው። እንቅልፍ ሲወስደኝ እንደ ልማዳቸው ስለ ብርሃን እያወሩኝ ነበር። "የጥንት ሰዎች ብርሃን ከዓይን የሚወጣ ይመስላቸው ነበር" እስካሉኝ ድረስ ትዝ ይለኛል።

በሕልሜ አልጋው ላይ የተኛሁት እኔ ነኝ። ጋሽ አየነው ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ ትከሻቸው እንደ ጎረምሳ ሰፍቶ፣ የደም ትርታዬን ይለካሉ።

"እንዴት አደሩ፣ እትዬ ምንትዋብ?" አሉኝ።

የአባቴ ታላቅ የሚሆኑ ሰው አንቱ ሲሉኝ ክው አልኩ። እግዜር ይመስገን ልላቸው አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

"አንተ ልጅ፣ መስኮቱን ክፈትልኝ! ጨለመብኝ።"

"መስኮት ምን ያደርግልዎታል? ብርሃኑ እርስዎ ዘንድ ነው።"

እውነታቸውን ነበር። ከሁለቱ ዓይኖቼ ቀጫጭን ጮራ ይወጣል። ያየሁት ይበራል፤ ያላየሁት ይጨልማል። ወደ ግድግዳው ዞር ብዬ ስመለስ የጋሽ አየነው ግራ እጅ የለም።

"እባክዎ ከኔ ላይ ዓይንዎን አይንቀሉ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እዚህ አገር የሚያየው ያጣ ሰው ይጠፋል።"

ከዚያ ወዲያ ዓይኔን እሳቸው ላይ ተክዬ ቀረሁ።

ወዲያው ሁለት በሽተኞች ግሉኮሳቸውን እንዳንጠለጠሉ ገቡና ከነአልጋዬ ተሸክመው አወጡኝ። ጋሽ አየነው ከጎኔ ይሮጣሉ። መንገዱ ላይ ሐኪሞች በቃሬዛ ተጋድመው ያቃስታሉ፤ ሕሙማኑ ግንባራቸውን እየዳሰሱ "አይዞህ ዶክተር" ይሏቸዋል። የመንገድ መብራቶቹ ጨለማ ያፈሳሉ። ሰው ሁሉ ጥላውን ከፊት አስቀድሞ ከኋላ ይከተላል። አንዲት ፍየል መንገድ ዳር ቆማ ጥላዎቹን ትከትባለች። ይህን ሁሉ ያየሁት በዓይኔ ጠርዝ ነው፤ አተኩሬማ የማየው እሳቸውን ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ፍርድ ቤት ስንደርስ ከጉልበታቸው በታች ጠፍተዋል።

እኔን ከፍ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ዳኛው ዓይናቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ከሥሬ ተንበረከኩ።

"ብርሃን ቅንጣት ነው ወይስ ሞገድ?"

"ክቡር ዳኛ፣ እኔ ነርስ ነኝ።"

"ለዚያ ነው የምንጠይቅዎ። ቅንጣት ነው ካሉ፣ የዓይንዎን ብርሃን እየቆነጠርን ለሕዝቡ እናድላለን፤ ለእኚህ ሰውዬ አይተርፍም። ሞገድ ነው ካሉ ደግሞ ያገኘውን ጠራርጎ ይወስዳል፤ እሳቸውንም ጭምር።"

ወደ ጋሽ አየነው አየሁ። ወገባቸው የለም።

"አንተ ልጅ፣ ምን ልበላቸው?"

"ክፍል ውስጥ ቀላል ነበር፣ እትዬ" አሉ። "እዚያ የሚጠፋ ሰው አልነበረም።"

"ሁለቱም ነው!" ብዬ ጮህኩ።

አዳራሹ በሙሉ በደስታ አለቀሰ። ዳኛው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሁለቱም ከሆነ በሙከራ ይረጋገጥ። ዓይንዎን ይጨፍኑ።"

"አልጨፍንም!"

ማንም አልነካኝም። ሕዝቡ ብቻ በአንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ "እሹሩሩ" ይለኝ ጀመር። የዓይኔ ቆብ የወፍጮ ድንጋይ ሆነ። በጣቶቼ ወጥሬ ያዝኩት። እሹሩሩው ከፍ አለ። የጋሽ አየነው ደረት ጠፋ፤ አንገታቸው ጠፋ፤ ፊታቸው ብቻ ቀረ።

"እንዳይተኙ" አሉኝ።

ተኛሁ።

እዚያ ስተኛ እዚህ ነቃሁ። ቤቱ ጭጭ ብሏል። መብራት ሄዶ፣ ለጋሽ አየነው ኦክስጅን የሚሰጣቸው ማሽን ቆሟል። መብራት ሲሄድ ጎረቤት እስኪሰማ የሚጮኸው ደወሉ ግን አይሰማም። ዞር ብል ማሽኑ በጋቢያቸውና በሁለት ትራስ ታፍኗል። ያፈኑት ራሳቸው ናቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ትከሻቸው በየትንፋሹ ወደ ጆሯቸው ይነሳል።

መጠባበቂያውን ሲሊንደር ከጥግ እየጎተትኩ አመጣሁ። መክፈቻው አልዞር አለኝ። በስንት መከራ ከፍቼ ቱቦውን አፍንጫቸው ላይ አደረግኩ።

"ይተንፍሱ ጋሼ! በአፍንጫዎ! እንደገና!"

ከንፈራቸው መልኩን እስኪመልስ እኔም ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ። ከዚያ ጮህኩባቸው።

"ለምን አልቀሰቀሱኝም? ሊሞቱ እኮ ነበር!"

"አውቃለሁ" አሉ እያለከለኩ። "እንቅልፍሽ አሳዘነኝ።"