አጋዘኑ ቀና እስኪል

(ሰው ጎንበስ ብሎ ሰላም በሚባባልባት በሚያጂማ ደሴት፣ የባሕር ዳር መናፈሻ። አጋዘኖቹ በሰው መሃል እንደ ሰፈር ሰው ይንጎራደዳሉ፤ አንዱማ የጀልባ ሰልፍ ውስጥ ገብቶ ቆሟል። ሶታ ዛሬ የሚወዳትን ልጅ አባት፣ አቶ ኢዋኮሺን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኛል። ታላቁ የሆነው የአጎቱ ልጅ ኩኒዮ ሽማግሌ ሆኖለት መጥቷል። ከጀልባው ከወረዱ ጀምሮ ጭቅጭቅ ላይ ናቸው።)

ሶታ፦ አጋዘኑ ሰላም አለኝ እኮ ጋሼ! ጎንበስ ብሎ!

ኩኒዮ፦ አንተስ ምን አልክ?

ሶታ፦ እኔማ ጭንቅላቱን አሻሸሁት።

ኩኒዮ፦ ጉድ ፈላ! ጎንበስ ያለልህን ታሻሻለህ? አቶ ኢዋኮሺም ጎንበስ ሲሉ ራሳቸውን ልታሻሽ ነው?

ሶታ፦ (አሰብ አድርጎ) መላጣ ናቸው አሉ።

ኩኒዮ፦ ሶታ!

ሶታ፦ እሺ፣ አላሻሽም።

ኩኒዮ፦ ስማኝ። ሰውዬው ልጃቸውን የሚሰጡህ አጎነባበስህን አይተው ነው። እሳቸው ቀና ሳይሉ ቀድመህ ቀና ካልክ አለቀልህ።

ሶታ፦ መሬት መሬት እያየሁ፣ ቀና ማለታቸውን በምን አውቃለሁ?

ኩኒዮ፦ ይታወቃል።

ሶታ፦ በምን?

ኩኒዮ፦ በአስተዳደግ!

ሶታ፦ እሳቸውም ጨዋ ከሆኑ እኔን ይጠብቃሉ፣ እኔም እሳቸውን። ታዲያ ማታ ቤታችን እንዴት ልንገባ ነው?

ኩኒዮ፦ ጥያቄህ ራሱ ጨዋ አይደለም። ና፣ በዚህ ባለ ቀንድ ላሳይህ። አቶ ኢዋኮሺ ነው እንበል። እጅ ከጭን፣ ወገብ ቀጥ፣ እንዲህ...

(ጎንበስ ይላል። አጋዘኑም አንገቱን ይደፋል።)

ሶታ፦ ሲያምርባችሁ! በቃ ገባኝ፣ ቀና በል።

ኩኒዮ፦ ከሱ በፊት? ባለጌ ልታደርገኝ ነው?

ሶታ፦ ጋሼ...

ኩኒዮ፦ ዝም ብለህ ተማር!

ሶታ፦ ክራባትህን እየበላው ነው።

ኩኒዮ፦ (ድምፁ ታፍኖ) አውቃለሁ።

ሶታ፦ ግማሹ ገብቷል።

ኩኒዮ፦ ሐር ነው እኮ! ጎትት! ኧረ እኔን አይደለም፣ እሱን!

ሶታ፦ አቶ ኢዋኮሺን እንዴት አድርጌ ልጎትት?

ኩኒዮ፦ አጋዘን ነው፣ አንተ ደደብ!

ሶታ፦ አሁን አቶ ኢዋኮሺ ነው አላልክም?

(አንድ መላጣ አዛውንት ከኋላ መጥተው ይቆማሉ። ሶታ ደንግጦ ጎንበስ ይላል፤ እሳቸውም ጎንበስ ይላሉ። ሁለቱ በዓይናቸው ጥግ ሰረቅ አድርገው ይተያዩና እኩል ቀና ይላሉ።)

አቶ ኢዋኮሺ፦ (ኩኒዮን እያዩ) ልጄ የመረጠችው... ይሄንን ነው?

ሶታ፦ ኧረ እኔ ነኝ ጌታዬ! እሱ ሽማግሌዬ ነው።

አቶ ኢዋኮሺ፦ (ረጅም ትንፋሽ እየለቀቁ) ተመስገን! እናቷን ምን ብዬ እንደማጽናናት ጨንቆኝ ነበር። ና ልጄ፣ ምሳ ቀርቧል።

ሶታ፦ ምንም... አይጠይቁኝም?

አቶ ኢዋኮሺ፦ እሱን ካየሁ በኋላ አንተን ምን ልጠይቅህ?

(አቶ ኢዋኮሺ ይሄዳሉ፤ ሶታም ይከተላቸዋል። አጋዘኑም ክራባቱን በጥሶ ይሄዳል። ኩኒዮ ግን የአዛውንቱን ድምፅ ሰምቷልና እንደተቆለመመ ነው።)

ኩኒዮ፦ (በሹክሹክታ) ሶታ... ቀና አሉ?

ሶታ፦ (ዞር ብሎ) ማን? አቶ ኢዋኮሺ ወይስ አጋዘኑ?

ኩኒዮ፦ ማንኛቸውም!

ሶታ፦ ሁለቱም ሄደዋል ጋሼ። አሁን ፊትህ ያለችው አንዲት ቱሪስት ናት። ጎንበስ ብላ፣ አንተ ቀና እስክትል እየጠበቀችህ ነው።